ሶያ፦ ከባሕር ቅየሳ እስከ ደቡብ ዋልታ በረዶ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የሚያተኩረው ሶያ በተባለችው የጃፓን መርከብ የአገልግሎት ታሪክ ላይ ነው። ይህች መርከብ ከ1938 እስከ 1978 ባሉት አርባ ዓመታት ውስጥ በጭነት መርከብነት ጀምራ የባሕር ኃይል የቅየሳና የማጓጓዣ መርከብ፣ ከጦርነት በኋላ የተበተኑ ዜጎችን ወደ አገራቸው መላሽ፣ ለባሕር ዳርቻ የመብራት ማማዎች ስንቅ አቅራቢ፣ የአንታርክቲካ የምርምር መርከብ፣ በመጨረሻም በሰሜኑ ባሕር የነፍስ አድን መርከብ ሆና አገልግላለች። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው። በጃፓን ሶያ ስትነሳ አብሮ የሚነሳው ዕድለኝነቷ ነው፤ ሆኖም የአገልግሎት ታሪኳ በቅርብ ሲመረመር ከዕድል ይልቅ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ፤ አንደኛው ገና ከጅምሩ ለበረዶ ተብሎ የጠነከረው አካሏ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚያዟት መሥሪያ ቤቶች አሮጌ መርከብ ከመጣል ይልቅ ደጋግመው ለማደስ የተገደዱበት የአገሪቱ ድህነት ነው።

ከመርከቧ በፊት ስለ ሥራው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የባሕር ቅየሳ ማለት የባሕሩን ጥልቀት፣ የወለሉን ቅርጽ፣ ከውኃ በታች የተደበቁትን ዐለቶችና የዳርቻውን መስመር ለክቶ በባሕር ካርታ ላይ የማስፈር ሥራ ሲሆን፣ የውቅያኖስ ጥናት ደግሞ ከዚህ አልፎ የውኃውን ሙቀት፣ ጨዋማነትና ሞገድ ይመረምራል። ባሕር ኃይሎች ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያወጡት ለዕውቀት ፍቅር ብቻ አይደለም። የጦር መርከብ ካርታ በሌለው ወሽመጥ ውስጥ ከገባ የጠላት ጥይት ሳያገኘው ዐለት ይሰብረዋል፤ በውኃ ውስጥ የሚጓዝ ድምፅም እንደ ሙቀቱና እንደ ጨዋማነቱ አቅጣጫውን ስለሚያጥፍ ሰርጓጅ መርከብን በድምፅ ለማደን የሚሻ ሁሉ የውኃውን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ጃፓን ለዚህ ሥራ የባሕር ኃይል የካርታ ክፍል ያቋቋመችው በ1871 ነበር። ከክፍሉ መርከቦች መካከል ማንሹ የተባለችው በ1925 በምዕራብ ፓስፊክ 9,814 ሜትር ጥልቀት በመለካት ስሟን በውቅያኖስ ጥናት ታሪክ አስመዝግባለች። ማንሹ በመሠረቱ ጃፓን በ1904 ጦርነት የማረከቻት የሩሲያ መርከብ ስትሆን፣ ቀድሞ ባለቤቷ የነበረውም በማንቹሪያ የሚያልፈው የምሥራቅ ቻይና የባቡር ሐዲድ ድርጅት ነበር። ይህ የባቡር ሐዲድ በሶያም ታሪክ መነሻ ላይ መገኘቱ አስገራሚ ግጥምጥሞሽ ነው።

ሶቪየት ኅብረት በ1935 በዚሁ ሐዲድ ላይ የነበራትን ድርሻ ጃፓን ላቆመችው የማንቹኩዎ መንግሥት ስትሸጥ፣ ከክፍያው አብዛኛው በዕቃ እንዲሆን ተስማማች። ከታዘዙት ዕቃዎች መካከል በሩቅ ምሥራቅ በረዷማ ባሕር የሚሠሩ ሦስት የጭነት መርከቦች ይገኙ ነበር፤ እነዚህም በናጋሳኪ አቅራቢያ በምትገኘው በኮያጊ ደሴት መርከብ መሥሪያ መገንባት ጀመሩ። ከሦስቱ አንዷ ቮሎቻየቬትስ የሚል የሩሲያ ስም ተሰጥቷት በየካቲት 1938 ውኃ ላይ ወረደች። ነገር ግን የሁለቱ አገሮች ግንኙነት በዚያን ጊዜ ክፉኛ ሻክሮ ስለነበር መርከቦቹ ለገዢው ሳይደርሱ ቀሩ፤ ቮሎቻየቬትስም ቺርዮ ማሩ ተብላ ለጃፓን የንግድ ሥራ ተሰማራች። ከ80 ሜትር ያልራቀ ርዝመት፣ 2,200 ቶን ገደማ ጠቅላላ መጠንና ከ12 ኖት ብዙም የማያልፍ ፍጥነት የነበራት ይህች መርከብ በዓይን ሲያዩአት የምታስደንቅ አልነበረችም። ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነው። ልዩ ያደረጓት የሶቪየት ገዢዎች በውላቸው የጠየቋቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ በረዶ እየገፋ ቢመጣ የማይደቆስ ወፍራም ብረትና የተጠጋጉ የጎን ማገሮች ያሉት አካል፣ እንዲሁም በዘመኑ አዲስ የነበረ በድምፅ የሚሠራ የጥልቀት መለኪያ።

የዚህ መለኪያ አሠራር ቀላል ቢሆንም በባሕር ቅየሳ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣ ነበር። ቀድሞ መርከበኞች ጥልቀት የሚለኩት ጫፉ ላይ እርሳስ የታሰረበት ገመድ ወደ ባሕር በመልቀቅ ሲሆን፣ በጥልቅ ባሕር ላይ አንድ ልኬት ብቻ ሰዓታት ይፈጅ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ግን ከመርከቧ ሆድ ወደ ታች ድምፅ ይልክና ድምፁ ከባሕሩ ወለል ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ማሚቶው ከአራት ሴኮንድ በኋላ ከተሰማ ድምፁ ደርሶ መልስ 6,000 ሜትር ተጉዟል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥልቀቱ 3,000 ሜትር ይሆናል። መርከቧ ሳትቆም ልኬቱን ደጋግማ መውሰድ በመቻሏ ቀድሞ የነጥብ ስብስብ የነበረው የባሕር ወለል ሥዕል ወደ ተከታታይ መስመር ተለወጠ።

የጃፓን ባሕር ኃይል ዓይኑን የጣለው በመርከቧ ጠንካራ አካልና በዚሁ መለኪያ ላይ ነበር። በ1939 መጨረሻ መርከቧን ገዝቶ በቶኪዮ ካሳደሳት በኋላ በሰኔ 1940 ሶያ በሚል ስም አገልግሎት አስጀመራት፤ ስሙም ሆካይዶን ከሳካሊን ከሚለየው የሶያ ሰርጥ የተወሰደ ነው። በዚህ ስም ከእርሷ በፊት የተጠራችው መርከብ ጃፓኖች በ1904 ጦርነት ከሩሲያ የማረኳትና በ1916 የመለሷት ቫርያግ የተባለች መርከብ ነበረች። አዲሲቱ ሶያ በመዝገብ ላይ የልዩ ልዩ ዕቃ ማጓጓዣ ትባል እንጂ ሥራዋ ድርብ ነበር፤ ጥይት፣ ስንቅና ወታደር ታመላልሳለች፣ በደረሰችበት ደግሞ የቅየሳ ቡድን አውርዳ ትለካለች። መጀመሪያ በሰሜን፣ በኩሪል ደሴቶች አካባቢ የሠራች ሲሆን፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ ባሕሮች ተዛወረች።

በዘመኑ የቅየሳ አሠራር አንድ ወሽመጥ ለመለካት መጀመሪያ በዳርቻው ኮረብታዎችና የባሕር አፍንጫዎች ላይ ከሩቅ የሚታዩ ምልክቶች ይተከላሉ። ከዚያም ትንሽ ጀልባ በቀጥታ መስመር እየተመላለሰች ጥልቀት ስትለካ፣ ሁለት ሰዎች ሴክስታንት በተባለ የማዕዘን መለኪያ ሦስት ምልክቶችን እያዩ በመካከላቸው ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች በአንድ ቅጽበት ያነባሉ፤ ከእነዚህ ሁለት ማዕዘኖች የጀልባዋ ትክክለኛ ቦታ በወረቀት ላይ ይገኛል። ሌላው ሰው ጥልቀቱን ይጮኻል፣ ሌላው ሰዓቱን ይመዘግባል። ሥራው ፀጥታና ትዕግሥት የሚሻ ሲሆን፣ ሶያ ግን ይህንኑ የምትሠራው የጠላት አውሮፕላንና ሰርጓጅ መርከብ በማይጠፋበት ቀጠና ነበር። በ1942 የሚድዌይ ዘመቻም ደሴቲቱን ለመያዝ ከተላከው ኃይል ጋር ተሰልፋ ነበር፤ ዘመቻው ከሽፎ ጃፓን አራት የአውሮፕላን ተሸካሚዎችን ባጣችበት በዚያ ውጊያ ከኋላ የነበረችው ሶያ ሳትነካ ተመለሰች።

ስለ ዕድለኝነቷ የሚነገረው በዋናነት ከሁለት ክስተቶች ይመነጫል። በጥር 1943 ከቡገንቪል ሰሜን በምትገኘው በቡካ ደሴት አጠገብ በቅየሳ ላይ ሳለች አንድ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ አራት ቶርፔዶዎች ተኮሰባት፤ ከመካከላቸው አንዱ ጎኗን ቢመታም ሳይፈነዳ ቀረ። ዕድል ነበር፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቶርፔዶዎች የማፈንጃ ስልታቸው ጉድለት ስለነበረበት በመቱት መርከብ ላይ ሳይፈነዱ መቅረታቸው እንግዳ ነገር አለመሆኑን መጨመር ለታሪኩ ታማኝነት ነው። ሁለተኛው በየካቲት 1944 ትሩክ በተባለው የፓስፊክ የጦር ሰፈር ላይ የደረሰው ነው። የአሜሪካ አውሮፕላኖች ለሁለት ቀናት ባካሄዱት ድብደባ በወደቡ ከነበሩት መርከቦች አርባ የሚደርሱት ሲሰጥሙ፣ ሶያ ቦምብ ለማምለጥ ስትዞር ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ ከመርከበኞቿ የሞቱ ነበሩ፣ የቀሩትም ጥለዋት ወጡ። በማግስቱ ሲመለሱ መርከቧ ራሷ ተላቃ ውኃ ላይ ስትንሳፈፍ አገኟት። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ እስኪያበቃ በጃፓን ባሕሮች ጭነት ስታመላልስ ቆየች።

ጃፓን በነሐሴ 1945 እጇን ስትሰጥ ከአገሯ ውጭ የነበሩት ወታደሮችና ሰላማዊ ዜጎቿ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ሊመልሳቸው የሚችለው መርከብ ግን አብዛኛው ሰጥሟል። ስለዚህ መሣሪያዋን የፈታችው ሶያ እስከ 1948 ድረስ ከፓስፊክ ደሴቶች፣ ከቻይና ወደቦችና ከሳካሊን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አጓጓዘች። በ1948 አዲስ የባሕር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ የቀድሞውን ባሕር ኃይል የካርታ ክፍል ሥራ የተረከበ ሲሆን፣ ሶያም በ1949 መጨረሻ በዚሁ መሥሪያ ቤት ሥር ገብታ ራቅ ባሉ ደሴቶችና ገደሎች ላይ ለሚኖሩ የመብራት ማማ ጠባቂዎች ነዳጅ፣ ምግብና ደብዳቤ የምታደርስ መርከብ ሆነች። ጠባቂዎቹና ቤተሰቦቻቸው የባሕር ሳንታ ክላውስ ብለው ሰየሟት። የመርከቧ የመጨረሻ ዕጣ ይኸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሟን የሚያነሳ ብዙ አይገኝም ነበር።

ከ1957 ሐምሌ እስከ 1958 መጨረሻ ድረስ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የሚባል የምርምር ዘመቻ ታወጀ። ጂኦፊዚክስ የመሬትን ስበት፣ መግነጢስ፣ ርዕደ መሬትና ከባቢ አየር በፊዚክስ ሕግ የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። የዘመቻው አንድ ክፍል በአንታርክቲካ ጣቢያዎች ማቋቋም ሲሆን፣ ጃፓን በ1955 ተሳታፊ ለመሆን ስትጠይቅ የጦርነቱ ቂም ያልበረደላቸው አገሮች ነበሩ፤ በ1951 በሳን ፍራንሲስኮ በተፈረመው የሰላም ውልም በአንታርክቲካ ላይ ማንኛውንም የይገባኛል ጥያቄ እንደማታነሳ ተስማምታ ነበር። የተመደበላት የፕሪንስ ሃራልድ ዳርቻ ደግሞ ከባሕር በኩል ለመቅረብ እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ቦታ ነበር። ሕዝቡ ግን ዘመቻውን እንደ ብሔራዊ ጉዳይ ተቀበለው፤ የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ ከኪሳቸው አዋጡ።

አዲስ የበረዶ ሰባሪ መርከብ ለመሥራት ጊዜም ገንዘብም አልነበረም። ምርጫው በሶያ ላይ ሲወድቅ መርከቧ አሥራ ስምንት ዓመት ያረጀች የእንፋሎት መርከብ ነበረች። የእድሳቱን ንድፍ ያዘጋጁት ያማቶ የተባለውን ግዙፍ የጦር መርከብ ከነደፉት መሐንዲሶች አንዱ የነበሩት ማኪኖ ሺጌሩ ናቸው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 1956 በዮኮሃማ በተካሄደው ሥራ አሮጌው የእንፋሎት ሞተር ወጥቶ በድምሩ 4,800 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት የናፍጣ ሞተሮች ገቡ፣ አንድ የነበረው ፕሮፔለር ሁለት ሆነ፣ የፊተኛው ጫፍ ወፍራም ብረት ለብሶ በበረዶ ላይ ወጥቶ በክብደቱ እንዲሰብር ተደርጎ ተቀረጸ፣ በሁለቱም ጎኖች ላይ ነዳጅ የሚይዝና ሚዛን የሚጠብቅ ተጨማሪ ጎድን ተገጠመ። አንድ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው በረዶ መስበር እንድትችል ታስቦ ነበር። መርከብ እንዳይንገላታ ከሆዱ ግራና ቀኝ የሚገጠሙት ክንፍ መሰል ብረቶች በበረዶ ውስጥ ስለሚሰበሩ አልተገጠሙላትም፤ በመሆኑም በደቡብ ውቅያኖስ ማዕበል ውስጥ የሶያ ማጋደል ለተሳፋሪዎቿ ከባድ ሥቃይ ነበር።

በኅዳር 8 ቀን 1956 ሶያ በካፒቴን ማትሱሞቶ ሚትሱጂ አዛዥነት፣ በፕሮፌሰር ናጋታ ታኬሺ የሚመራውን የምርምር ቡድን አሳፍራ ከቶኪዮ ተነሳች። በመርከቧ ላይ የሳካሊን ዝርያ የሆኑ ተንሸራታች ጎታች ውሾች፣ ሁለት ካናሪዎችና ከቡድኑ መሪ ስሙን የወረሰ ታኬሺ የተባለ ድመት ነበሩ። በሲንጋፖርና በኬፕታውን በኩል ተጉዘው በጥር 29 ቀን 1957 በኦንጉል ደሴት ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተክለው ጣቢያውን ሾዋ ብለው ሰየሙት፤ በኒሺቦሪ ኤይዛቡሮ የሚመሩ አሥራ አንድ ሰዎች ክረምቱን ለማሳለፍ እዚያው ቀሩ። በየካቲት አጋማሽ ለመመለስ የተነሳችው ሶያ ግን በበረዶ ተያዘች። ነፃ ያወጣቻት ኦብ የተባለች የሶቪየት መርከብ ነበረች፤ ሶቪየቶች አዝዘው ያልተረከቧትን መርከብ ከሃያ ዓመት በኋላ መንገድ ከፍተው ወደ ጃፓን ሸኟት።

ሁለተኛው ጉዞ ከዚህም የከፋ ነበር። በታኅሣሥ 1957 መጨረሻ በረዶው ዙሪያዋን ዘግቶ ከአንድ ወር በላይ ወደ ፈለገበት አንሳፈፋት፤ ሰዎቹ በረዶውን በድማሚትና በእጅ መሣሪያ ለመስበር ቢደክሙም አልሆነም፤ ከፕሮፔለሮቿ የአንዱ ምላጭም ተሰበረ። በየካቲት 1958 የአሜሪካው በርተን አይላንድ የተባለ የበረዶ ሰባሪ ሊረዳት ደረሰ፤ በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ጣቢያው ላይ የነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ከወጡ በኋላ አየሩ ስለከፋ ተተኪ ቡድን ማስገባት ሳይቻል ቀርቶ በየካቲት 24 ዕቅዱ ተሰረዘ። ተተኪዎቹ ይመጣሉ ተብሎ በሰንሰለት ታስረው የቀሩት አሥራ አምስት ውሾች ነበሩ። በጃፓን የተነሳው ቁጣ ታላቅ ሲሆን፣ በጥር 1959 ሦስተኛው ቡድን ሲደርስ ታሮና ጂሮ የተባሉ ሁለት ወንድማማች ውሾች በሕይወት መገኘታቸው የሶያን ስም ከምርምር ውጤቷ ሁሉ በላይ አዛመተው። ስለ ውሾቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መርከቧ ድክመት የተጻፈው ግን ያነሰ ነው። ሶያ ለበረዶ የተሠራች ብትሆንም ለዚያ ዳርቻ በረዶ ጉልበቷ በቂ አልነበረም። ይህንንም ያረጋገጠው በ1958 የተደረገው መፍትሔ ነው፤ ከኋላዋ ሰፊ የማረፊያ መድረክ ተሠርቶ ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች ተሰጧት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጣቢያው ድረስ በረዶ እየሰበረች ከመግባት ይልቅ ከሩቅ ቆማ ዕቃውን በአየር ታደርስ ጀመር።

በየጉዞው መርከቧ ራሷ ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ ነበረች። ከቶኪዮ እስከ አንታርክቲካ ያለው መንገድ ከሰሜን ንፍቀ ክበብ ተነስቶ የምድር ወገብን ስለሚያቋርጥ፣ ከህዋ የሚመጡ ጨረሮችና የመሬት መግነጢስ ከኬክሮስ ኬክሮስ እንዴት እንደሚለዋወጡ በአንድ መሣሪያ ለመለካት አመቺ ነበር። የውቅያኖስ ጥናት ባለሙያዎች የባሕሩን ጥልቀት፣ ሙቀትና ጨዋማነት መዝግበዋል። በዚያ ዘመን ከጥልቅ ውኃ ናሙና የሚወሰደው ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ በሽቦ ወደሚፈለገው ጥልቀት ከወረደ በኋላ፣ በሽቦው ላይ የሚለቀቅ ትንሽ ክብደት ሲመታው ተገልብጦ ሁለቱም ጫፎቹ ሲዘጉ ነበር፤ አብሮት የሚገለበጠው ቴርሞሜትር የሜርኩሪው ዓምድ በዚያው ቅጽበት ስለሚቆረጥ፣ በጥልቁ የነበረውን ሙቀት ሳይለውጥ ይዞ ይወጣል። ይህ ሁሉ በምታጋድል መርከብ ላይ በቀዘቀዘ እጅ የሚሠራ ነበር። ፖለቲካዊ ውጤቱም ቀላል አይደለም፤ በታኅሣሥ 1 ቀን 1959 የአንታርክቲካ ውል ሲፈረም ጃፓን ከአሥራ ሁለቱ ቀዳሚ ፈራሚዎች አንዷ ለመሆን የበቃችው በዚያ ምድር ላይ ጣቢያና የምርምር ሥራ ስለነበራት ነው።

ሶያ ስድስት ጊዜ ወደ አንታርክቲካ ተጉዛ በ1962 ሾዋ ጣቢያ ለጊዜው ሲዘጋ ወደ ሆካይዶ ተዛወረች። የአንታርክቲካው ጉዞ በ1965 እንደገና ሲጀመር ኃላፊነቱን የወሰደው በ1954 የተቋቋመው የባሕር መከላከያ ኃይል ሲሆን፣ ፉጂ በተባለችው አዲስ የበረዶ ሰባሪ መርከብ ይጓዝ ነበር፤ ይኸው ኃይል በ1969 አካሺ፣ በ1979 ደግሞ ፉታሚ የተባሉ መርከቦችን ለውቅያኖስ ጥናት አሰማርቷል። ሶያ በሰሜኑ ባሕር በበረዶ የሚያዙ ዓሣ አጥማጆችን ስታድን ቆየች፤ በመጋቢት 1970 በኤቶሮፉ ደሴት ሂቶካፑ ወሽመጥ ጀልባዎቻቸው በበረዶ ለተደቆሱባቸው 84 ሰዎች ደርሳላቸዋለች። በአገልግሎት ዘመኗ በጠቅላላው ከሺህ በላይ ሰዎችን ከባሕር አደጋ እንዳተረፈች ይነገራል። ለቀድሞ ባሕር ኃይል የተሠሩት ግዙፍ የጦር መርከቦች በባሕር ወለል ላይ ሲቀሩ፣ በ12 ኖት የምትጓዘው ይህች የጭነት መርከብ ከሁሉም በላይ መቆየቷ ለውጊያ ሳይሆን ለሥራ ተብሎ የተገነባ አካል ምን ያህል እንደሚያገለግል ያሳያል።

ሶያ በጥቅምት 2 ቀን 1978 ከአገልግሎት ተሰናበተች፤ ከግንቦት 1979 ጀምሮም በቶኪዮ ወሽመጥ ዳር በሚገኘው የባሕር ሳይንስ ሙዚየም ቆማ ለሕዝብ ትታያለች። በ2017 በአቅራቢያው ወደሚገኝ አዲስ መቆሚያ ተዛውራ እንደገና የተከፈተች ሲሆን፣ ጎብኚዎች ወደ ሞተር ክፍሏና ወደ ተመራማሪዎቹ ጠባብ መኝታ ክፍሎች መግባት ይችላሉ።